ዴስኮቻችንን ለሚያንሸራሽረው ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ለክቡር የአካባቢያችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለምክትልዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ እንዲሁም ያለ እርሱ የትምህርት ጥራት ብሎ ነገር ሊኖረን ለማይችለው ለጭነት መኪናዎ የማያቋርጥ ጤንነት እመኛለሁ። በተለይ የመኪናው ጎማ ነገር ያሳስበኛል፤ አንድ ቀን ቢተነፍስ የአካባቢያችን የትምህርት ደረጃ መንገድ ዳር ተኝቶ ያድራልና።

እኔን አያውቁኝም፤ እኔ ግን አውቅዎታለሁ። ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ያለችው የሴቶች ፀጉር ቤት የእኔ ናት። ትምህርቴን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ከተቀመጡ ደንበኞቼ ሰምቼ ነው የጨረስኩት። ደብዳቤው ረዘም ቢልብዎ ይታገሡኝ፤ እጄ ሥራ ሲፈታ አፌ ይሠራል። የመጨረሻዋ ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ማጠቃለያውን ፈተና ካለፈች ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች፤ ካላለፈች ደግሞ እኔ ዘንድ የደንበኛ ፀጉር በቢጉዲ ስትጠቀልል ትውላለች። ሥራዬን አልንቅም፣ እንጀራዬ ነው፤ ግን ወዳ እንድትገባበት እንጂ ሒሳብ የሚያስተምራት ጠፍቶ እንድትወድቅበት አልፈልግም። የመጻፌ ምክንያት ይኸው ነው። ደግሞ ተናድጃለሁ ብለው እንዳያስቡ፤ ኧረ እንዲያውም ሰሞኑን ደስታ በደስታ ሆኛለሁ። የደስታዬን ምንጭ በቅደም ተከተል ላቅርብልዎ።

አንደኛ፣ ስለ ዴስኮቹ አመሰግንዎታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ልጆቻችን በአዘቦት ቀን የሚቀመጡት ጡብ ላይ በተጋደመ ሳንቃ ነው፤ ሳንቃው ያልደረሰው ጡቡ ላይ፣ ጡቡ ያልደረሰው መሬት ላይ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የጉብኝት ቡድን ሊመጣ ሲል ግን የጽሕፈት ቤትዎ መኪና በማለዳ ይመጣና ቀለማቸው የሚያብለጨልጭ ዴስኮች፣ የግድግዳ ካርታዎችና ከሳጥኑ ወጥቶ የማያውቅ አንድ ማይክሮስኮፕ ያራግፋል። እንግዶቹ ያያሉ፣ ይደሰታሉ፣ ይሄዳሉ። መኪናው ተመልሶ ሁሉንም ይጭንና እንግዶቹ ቀጥሎ ወደሚያዩት ትምህርት ቤት ይከንፋል። አንድ ለእናቱ የሆነ ዕቃ ይዞ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ማሟላት ቀላል ጥበብ እንዳይመስላችሁ።

የጉብኝቱን ቀን ከእርስዎ ምክትል ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ርዕሰ መምህርቷ በዋዜማው መጥታ «አንቺዬ፣ ዛሬ አሳምረሽ ሥሪኝ» ካለችኝ በቃ፣ ነገ ልጆቻችን ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው። ደግ ሴት ናት፤ ካስኩ ውስጥ ገብታ ዓይኗን ስትጨፍን ሙቀቱ ይሁን ሐፍረቱ ፊቷን የሚያቀላው አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ደረጃችን አመሰግንዎታለሁ።

በእንግዶቹ ሪፖርት መሠረት የአካባቢያችን ትምህርት ቤቶች በሙሉ «እጅግ በጣም ጥሩ» ናቸው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ታዲያ የእኛው የራሳችን ዴስክ መቼ ይገዛልን?» ብዬ ብጠይቅ፣ ምክትልዎ እንደ ሕፃን አባብለው አስረዱኝ፤ የዴስክ በጀት የሚሰጠው ዴስክ ለጎደለው ትምህርት ቤት ነው፣ እናንተ ደግሞ የተሟላላችሁ ናችሁ አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ የተቀመጥኩት ጡብ ላይ ነበር። ጡቡም ሰምቶ ሳይደነቅ አልቀረም።

ሦስተኛ፣ ስለ ትምህርት ቤታችን አስተዳደር ቦርድ።

የወላጆች ተወካይ ሆነው የቦርዱን ሰብሳቢነት የያዙት ሰው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በግል ትምህርት ቤት ነው። አንዳንድ ወላጆች በዚህ ያጉረመርማሉ፤ እኔ ግን አልተስማማሁም። ልጁ መሬት ላይ የተቀመጠ ወላጅ ስብሰባ ላይ ስሜታዊ ይሆናል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ አጀንዳ ያበላሻል። እርሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ሁሉም ነገር ደኅና መሆኑን አጽድቀው ይወጣሉ። የስብሰባውን ማስታወቂያም በተቆለፈ ክፍል ውስጠኛው ግድግዳ ላይ መለጠፋቸው ለእኛ አስበው ነው፤ ሥራ እንዳንፈታ።

አራተኛ፣ ስለ ሒሳብ መምህራችን። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ እንዲያውም እንባ እንባ ይለኛል።

የልጄ ክፍል ዓመቱ ከገባ ጀምሮ የሒሳብ መምህር የለውም። የሒሳቡ ሰዓት በፕሮግራሙ ላይ «ነፃ ክፍለ ጊዜ» ተብሏል፤ ነፃነትን ለወጣቶች ማስተማራችሁ ያስመሰግናል። ከዴስኮቹ ጋር ግን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የሚመጣ አንድ ወጣት መምህር አለ። እንግዶቹ ክፍል ሲገቡ እርሱ የሦስት ማዕዘንን ስፋት ያስተምራል። ግሩም አድርጎ ያስተምራል አሉ፤ ልጆቹ ባንድነት «መሠረቱ ሲባዛ በቁመቱ፣ ሲካፈል ለሁለት!» ብለው ጣራውን ያናውጡታል፣ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ መምህሩ ከዴስኮቹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል። በሚቀጥለውም ጉብኝት ያው ሦስት ማዕዘን፣ ያው ጭብጨባ። ልጄ የሦስት ማዕዘንን ስፋት እንቅልፏ ውስጥ ሆና ትነግርዎታለች። «አራት ማዕዘኑስ?» ብላት «እማዬ ደግሞ፣ እሱ እኮ ገና አልመጣም» አለችኝ፤ በመኪና ይመጣል ብላ እየጠበቀች ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ፖስታ አገልግሎቱ። ይህን እንኳ እርስዎም አያውቁትም፤ ስለዚህ እንኳን ደስ ያለዎት! ዴስኮቹ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞሩ ልጆቹ በእርሳስ ይጻጻፉባቸው ጀመር። ልጄ በአንዱ ዴስክ ላይ «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ይሆናል? የምታውቁ ንገሩን» ብላ ጽፋ ላከች። ዴስኩ አካባቢውን ሁሉ አዳርሶ በሚቀጥለው ጉብኝት ሲመለስ ከሥሩ በተለያየ እጅ የተጻፉ መልሶች ተደርድረዋል፤ «እኛም አልደረስንበትም»፣ «እኛም»፣ «እኛም፤ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ጻፉልን»። ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቼ ፎጣ አጥፋለሁ ብዬ እዚያው ቆየሁ።

ከዚህ በኋላ ቍጥሩን ልተወው፤ ዋናው ደስታዬ በቍጥር አይገባም።

ባለፈው ርዕሰ መምህርቷ እንደ ልማዷ ለመሠራት መጣች። ቢጉዲውን ጠቅልዬ፣ ካስክ ሥር አስቀምጬ፣ ወደ በረንዳ ወጣሁና ለአትክልት ሻጯ ጎረቤቴ ደወልኩላት። እርስዋም የምታውቃቸውን እናቶች በሙሉ ጠራች፤ አትክልት ሻጭ የማታውቀው እናት ደግሞ የለም። በማግሥቱ ጉብኝቱ እንዳማረበት ተፈጸመ፤ ሦስት ማዕዘኑም ተጨበጨበለት። እንግዶቹ በፊት ለፊት በር ሲወጡ እኛ በጓሮ በር ገባን፤ ልጆቻችንን ጠጋ ጠጋ አድርገን ዴስኮቹ ላይ ተቀመጥን። ክቡርነትዎ፣ ዴስክ ደስ ይላል! ለካ ጀርባን ይደግፋል።

ጫኞቹ ሲመጡ ክፍሉ ሙሉ ሆኖ ጠበቃቸው። አንደኛው በትሕትና «እናቶቼ፣ እባካችሁ ተነሡልን፤ ልንጭን ነው» ቢል፣ አትክልት ሻጯ «ወንድሜ፣ ክፍለ ጊዜው አላለቀም፤ ቁጭ ብለህ ተማር» አለችው። መምህሩ ጠመኔውን እንደ ያዘ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ውጭ መኪናው ጡሩምባውን ይነፋል። ያኔ ልጄ እጇን አወጣችና ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀችው፤ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ።

ያ ወጣት ዞሮ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን አየ። የማያውቀው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኛም ሳይሆን ለራሱ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔ እኮ እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ሁለተኛውን ትምህርት ለማንም አስተምሬ አላውቅም» አለ። ዞረና ሦስት ማዕዘኑን አጠፋው። ጡሩምባው እንደ ገና ሲጮኽ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ክፍል ላይ ነኝ!» አለ፤ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራገፈና ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። መልሱ አምስት ስድስተኛ ነው። እኔም ያኔ ገባኝ፤ ተምሬው ረስቼው ነበር ማለት ያሳፍረኛልና አልልም።

መኪናው ባዶውን ሄደ። ከዚያን ቀን ወዲህ መምህሩ በየጠዋቱ በእግሩ ይመጣል፤ የሌሊቱን ተራ እንኳ ሳይቀር ተከፋፍለን እናቶች ዴስኮቹ እንዳይጫኑ ክፍሉን እንጠብቃለን፣ እግረ መንገዳችንንም እንማራለን። ደንበኞቼ «ፀጉር ቤቱ ምነው ተዘጋ?» ሲሉኝ «የቤት ሥራ አለብኝ» እላለሁ። ርዕሰ መምህርቷ እንዳላየችን ሆና ታልፋለች፤ ትናንት ግን የሰሌዳ ማጥፊያ በር ሥር አስቀምጣልን ሄዳለች።

አሁን ግን ጽሕፈት ቤትዎ መምህሩን «ከሥራ ገበታው በመቅረት» ሊከስስ መሆኑን ሰማሁ። ልክ ነዎት፤ የሥራ ገበታው ጋቢናው ውስጥ ነበር፣ እርሱ ግን ያለ ፈቃድ ክፍል ውስጥ ተገኝቷል። ምስክር ካስፈለገዎ እኛ አለን፤ ሲያስተምር በዓይናችን አይተነዋል፣ አንክድም።

የምጠይቅዎ ነገር አንድ ብቻ ነው። ፈተናው እስኪያልፍ ድረስ ዴስኮቹም መምህሩም ካሉበት እንዳይነቃነቁ። «እለምንዎታለሁ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ዴስኮቹም መምህሩም እኛው ዘንድ ስለሆኑ «አሳውቅዎታለሁ» ብዬ አስተካክዬዋለሁ። ከዘገየው ትምህርት አንጻር ልጄ እንደምታልፍ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። መምህሩም ራሱ «እንሞክራለን» ነው የሚለው። ብትወድቅ ግን በተማረችው ትውደቅ እንጂ ባልመጣላት አትውደቅ።

ለዘመናት ዓይናችንን ጨፍነን እንድንደሰት ላደረጉን ለክቡርነትዎ ያለኝን ከመጠን ያለፈ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጤናና ዕድሜ፣ ከተቻለም ትንሽ ድንጋጤ እመኝልዎታለሁ።

የጽሕፈት ቤትዎ አድናቂ፣
የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እናት፣
አሁን ደግሞ እራሷም ከኋላ ረድፍ ተማሪ፣
ፀጉር ሠሪዋ

ማስታወሻ፦ መኪናው ባዶውን በደረሰበት በሚቀጥለው ትምህርት ቤት እንግዶቹ መሬት ላይ የተቀመጡትን ልጆች «ዴስካችሁስ?» ብለው ቢጠይቋቸው ሁሉም ባንድ ድምፅ «መኪናው ገና አልደረሰም!» ብለው መለሱ አሉ። እንግዶቹ ቀጥለው የሚያዩት የእርስዎን ጽሕፈት ቤት መሆኑንም ሰምቻለሁ። የሚያሳዩት ነገር ቢቸግርዎ አያስቡ፤ መኪናዎን ይላኩልንና ከነልጆቻችን ተጭነን እንመጣለን። ብቻ አስቀድመው ይወቁት፤ እኛ አንዴ ከተቀመጥን አንነሣም።