የለቅሶ ቤቱ ድስት

ዳጊዬ፣ እግዚአብሔር እዚያ ህንድ አገር ጠባቂሽ ይሁን። ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ ልልሽ ነበር፤ ሰሞኑን ቃሉ ስላስጠላኝ ከክፉ አፍ ይሰውርሽ ብያለሁ። እኛ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን አሁንም ያመዋል።

ቅዳሜ እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ፣ ጋሽ ደሳለኝ ለቅሶ ቤት ምስር ወጥ ሠርቼ ሄድኩ። ገና ክዳኑን ስከፍት ያገሬ ልጅ ሸዋዓለም፣ «የሸክላ ሠሪ ዘር የነካውን አትቅመሱ፤ ቡዳ ናት» አለች። ሃያ ሰው ሰማ።

የምትማሪው ሕግ ትዝ አለኝ። ከተናቀ ወገን ተወለድክ ተብሎ የተሰደበ ሰው ሲከስ፣ ስድቡ ሰው ፊት መነገሩን፣ የተነገረውም በዘሩ ምክንያት መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ የሰሙት ዘመዶቹ ብቻ ከሆኑ አይበቃም ብለሽኝ ነበር። የህንድ ሕግ እዚህ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን ሁሉም ተሟልቶልኛል ብዬ ተጽናናሁ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሰሙትን አንድ በአንድ «ትመሰክሩልኛላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ስልክ እያወራሁ ነበር አለኝ። በመኪናዋ ወስዳኝ ከጎኔ የተቀመጠችው ውብነሽ እንኳ፣ «እኔ ምንም አልሰማሁም፤ ተዪው ባክሽ» አለችኝ።

በርቺ፣ በደንብ ብዪ። የሸክላ ሠሪዋ የአያትሽ ምርቃት ይከተልሽ። አንድ ነገር ብቻ መምህርሽን ጠይቂልኝ። አልሰማንም ካሉት ሃያ ሰዎች አንዱም ወጡን አልቀመሰም፤ ድስቴ እንደሞላ ነው የተመለሰልኝ። እዚያ አገር ድስት ይመሰክራል?