የግመሉ ቦይ

ሰኞ

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ጡረታ የወጣ መምህር ሥራ የለውም ያለው ማነው? አልማዝ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና እኔን የቤት ሥራ ታዘኛለች። "ጋሼ ሰይድ፣ ምረቃው ቅዳሜ ነው፣ ጨረሱልኝ?" አለችኝ። ጨርሻለሁ አልኳት። ውሸት ነው። የታዘዝኩት በቤተ መጻሕፍቱ ምረቃ ላይ ቆሜ የማነብበውን የምርጫ ክልላችንን ታሪክ ነው፤ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ለፓርላማ ማን ተመረጠ፣ ምንስ አመጣልን።

እስካሁን የጻፍኩት፦
ስለ አባቴ፣ አራት ገጽ
ስለ ሌሎቹ ሁሉ፣ አንድ ገጽ ተኩል

ሳየው አፈርኩ። ግን ምን ላድርግ? ሰው ወደ ቀወት ገጠር ወርዶ ያገኘውን ገበሬ ቢጠይቅ የሚነገረው ስለ አንድ ተመራጭ ነው፤ ስለ ግመሉ። ያኔ ፊደል የማይለየው ስለሚበዛ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ነበረው። ሰው ስም አያነብም፣ ሥዕል አይቶ ይመርጣል። የአባቴ ምልክት ግመል ነበር። ሽንኩርቱንና ማሽላውን የሚያጠጣው ቦይ ዛሬም "የግመሉ ቦይ" ነው የሚባለው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የግመሉ ልጅ ነኝ። ደስ ይለኛል፣ ምን እዋሻለሁ።

ከአባቴ በፊት የተመረጡት አቶ ይማም ናቸው። ስለሳቸው ያለኝ አንድ መስመር ነው። ልጃቸው ከድጃ ጀውሃ ላይ ምግብ ቤት አላት። ነገ ሄጄ ፎቶ እለምናታለሁ፤ አዳላ እንዳልባል።

ማክሰኞ

ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ከሞላ ደግሞ አየር የለም። ጀውሃ ስወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል።

ከድጃ ቤቷ በከባድ መኪና ሾፌሮች ተሞልቶ እያለ እንኳ ወንበር ፈልጋ አስቀመጠችኝ። ጥብስ አመጣች። በልቻለሁ ብል ማን ሰምቶኝ። ፎቶ ስላት የለኝም አለች፣ በምትኩ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ መጣች። አባቷ መጀመሪያ ሲወዳደሩ ያስበተኑት የቅስቀሳ ወረቀት ነው። ስማቸው አለ። ከስማቸው በላይ ግመል አለ።

ተሳስተው ነው ያተሙት አልኳት። ወይ እኔ!

አልተቆጣችም። እጇን በሽርጧ እየጠረገች ነገረችኝ። ግመሉ የአባቷ ነበር። ቦዩንም ያስቆፈሩት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ምርጫ ሲመጣ ምልክት የሚሰጠው ቀድሞ ለተመዘገበ ሆነ፤ ምዝገባው በተከፈተበት ቀን አቶ ይማም እናታቸውን ይቀብሩ ነበር። አባቴም ቀብሩ ላይ ነበር። አካፋ ይዞ አፈር መልሷል። ከቀብር እንደተመለሰ በበቅሎ ወደ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ገስግሶ ግመሉን በስሙ አስመዘገበ። አቶ ይማም ሦስቱን ቀን ሐዘን ተቀምጠው ሲሄዱ የተረፋቸው ምልክት መሰላል ነበር። ገበሬውም እንደለመደው ግመሉን መረጠ፤ ቦይ ያስቆፈረለትን ሰው የመረጠ መስሎት።

"መሰላሎቹ እያሉ ሲስቁብን ነው ያደግነው" አለች። ምንም እንደማትፈልግ ነገረችኝ። "ወረቀቱን ግን አይውሰዱት፣ ጋሼ።" በስልኬ አንስቼው መጣሁ።

ረቡዕ

አላመንኩም። ምቀኝነት ነው ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። እናቴን ልጠይቅ ሦስት ጊዜ ደጃፏ ድረስ ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመለስኩ። በሦስተኛው ምን ጠፋብህ አለችኝ፤ መነጽሬ አልኳት። መነጽሬ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ጭንቀቴን ለመርሳት ስለ ሽንኩርት ፋብሪካው ጻፍኩ። ከተማዋ የኢንዱስትሪ ከተማ ትሆናለች ተብሎ የመሠረት ድንጋይ ሁለት ጊዜ ተጥሎልናል። ሁለት ተመራጭ፣ ሁለት ድንጋይ፣ ፋብሪካው የለም። አሁን ፍየል ይወጣበታል። ገጽ ሙሉ አሾፍኩባቸው። በሰው አባት ላይ ሲሆን ብዕሬ እንዴት ይሮጣል!

ሐሙስ

ሁለት ጽሑፍ አለኝ። አንዱ የከድጃን ነገር ይዟል፣ አንዱ አልያዘም።

እንድተወው፦ ሙት ወቃሽ መሆን ነው። እናቴ ከሰማንያ አልፋለች፣ ፊት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ከድጃም ምንም አልፈልግም ብላለች።

እንዳነብበው፦ እውነት ነው።

በዚህ መሐል አልማዝ ደወለች። ድንገተኛ ደስታ ልታደርገው ፈልጋ አላስችል ብሏት ነው። የንባብ ክፍሉ በአባቴ ስም ይሰየማል፤ ቦዩን ላስቆፈረልን ውለታ። ሰሌዳው ተጽፎ አልቋል፣ ቀለሙ እየደረቀ ነው። አመሰግናለሁ አልኳት።

አርብ

ከጁምዓ ስመለስ እናቴ አስቀመጠችኝ። "ሰሞኑን እንደ ቁንጫ ትዘላለህ፤ አውጣው" አለችኝ። ስልኩን ሰጠኋት። ወደ ዓይኗ አስጠግታ የወረቀቱን ፎቶ አየችው።

ታውቅ ነበር። የዚያን ቀን በቅሎዋን የጫነችለት እሷ ናት። ለሐዘንተኞቹ እህል ሊያመጣ የሚሄድ መስሏት። የሄደበትን የሰማችው ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ነው፤ ከይማም ሚስት ጎን። ከዚያ ምን ብላ ቀና ትበል?

"በምርጫው ቀን ድምፄን ለመሰላሉ ሰጠሁ" አለችኝ። "አባትህ እስኪሞት አላወቀም።"

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

"ማን ጠይቆኝ?"

አባቴን እወደዋለሁ። እሷም ትወደው ነበር፣ አይቻለሁ። ነገ ላንብበው ወይ ስላት ከድጃን ከጎኔ አስቀምጣት አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። ለከድጃ ደወልኩ። ኧረ ሥራ አለብኝ፣ እንጃ አለች። ለአልማዝም ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ለኮሚቴው ልደውል ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ

አነበብኩት። ግመሉ ጋ ስደርስ ውኃ ጠጥቼ ቀጠልኩ። ከድጃ መጥታለች፤ እናቴ እጇን ይዛታለች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሡና ሰው ፊት እንዲህ አሉ፦ "እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ይማምን የመረጥኩ መስሎኝ!" ሰው ሳቀ። ከድጃ አልሳቀችም። የአጎቴ ልጆች ሰላም ሳይሉኝ ወጡ። ሰሌዳው በጨርቅ እንደተሸፈነ ቀረ፤ አልማዝ ኮሚቴው ይወያይበታል አለች። ምን እንደሚወስኑ አላህ ይወቅ።

ስንለያይ ከድጃ ወረቀቱን ከነላስቲኩ በእጄ አስያዘችኝ። "አሁን ይውሰዱት" አለችኝ።

ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክበዋለሁ። ዛሬ ግን እኔ ቤት ይደር ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼዋለሁ። የአባቴ ፎቶ ከፊቴ ግድግዳው ላይ ነው። እስካሁን ቀና ብዬ አላየሁትም።