ማርሹ ላይ የተሰካችው ቀይ ጓንት

ባርዱ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2011

ለዓይኔ ማረፊያ ለጉንቮር፣

ደብዳቤሽ ያለሽበትን ቫርዶን ከነዓሣ ሽታው ይዞልኝ መጣ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እየከዳኝ ነው። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ ገባ፤ እስከ ማገዶ ቤቱ ድረስ መንገድ ስጠርግ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ለምትገዢው የጭነት መኪና፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍሉት ከሁለቱ ዓይነት ዲፈረንሻሎች የትኛው ይሻላል ብለሻል። አንደኛው ራሱ ይሠራል፤ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበቱን ለሌላው ያካፍላል። ግን አንዱ ጎማ ጭራሽ የሚይዘው ካጣ ብዙም አይረዳሽም። ሌላው አንቺው የምትቆልፊው ነው። ሲቆለፍ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ይዞራሉ፤ ከጥልቅ በረዶ ጎትቶ ያወጣሻል። ክፋቱ፣ ከወጣሽ በኋላ ካልፈታሽው በሚያንሸራትት ቁልቁለትና መታጠፊያ ላይ መኪናው መሪ አይሰማም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

እናትሽ አብራኝ ግንድ ስታመላልስ ትዝ ይልሻል? በጉን በጎመን ቀቅላ በፔርሙስ ይዛ፣ መዝሙር እያንጎራጎረች። ዲፈረንሻሉን በቆለፍኩ ቁጥር ቀይ የሱፍ ጓንቷን አውልቃ ማርሹ ላይ ትሰካለች፤ ስፈታው ታነሳታለች። "ጓንቴ እዚያ እያለ ቁልቁለት የሚባል ነገር እንዳታስብ!" ትለኝ ነበር። ያን ድምፅ አንዴ ብሰማው ምን ነበረበት።

እንጨት መሰንጠቂያው ግቢ ግን ሾፌሮቹ መቀለጃ አደረጉኝ። "ቶርሌቭ፣ መንጃ ፈቃዱ ያንተ ነው ወይስ የጓንቷ?" አለኝ ሃልቫር፤ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሰው ምን ይለኛል ብዬ እናትሽን "ሁለተኛ እንዳላያት" አልኳት። ጓንቷን ኪሷ ከተተቻት። ወንዙ ዳር የተገለበጥነው፣ እሷም ቀሪ ዕድሜዋን ሙሉ ያነከሰችው፣ በዚያው ሳምንት ነው።

ለአንቺም ለሁሉም ሰው "መንገዱ አንሸራትቶን ነው" ብያለሁ። ውሸት ነው። ቆልፌ ከጫካው ወጣሁ፤ መፍታቱን ረሳሁ። ፖሊሱ ሲጠይቃት እናትሽ ቀና ብላ አየችኝና "መንገዱ ነው" አለችው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። እኔም ይቅር በይኝ ሳልላት ቀበርኳት።

እንግዲህ ልጄ፣ የአንቺ መንገድ ጥልቅ በረዶ አለው፤ የምትነጂውም ብቻሽን ነው። የሚቆለፈውን ግዢ። ጓንቷን ልኬልሻለሁ። ስትቆልፊ ማርሹ ላይ ስኪያት፤ ስትፈቺ አንሺያት። የሚስቅ ይሳቅ።

ለገና በአዲሷ መኪና እመጣለሁ ብለሻል። ተራራው ዝቅ ይበልልሽ፤ ነፋሱ ከኋላሽ ይሁን፤ የእናትሽ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም።

አባትሽ ቶርሌቭ

ማስታወሻ፦ የላክሁልሽ የግራዋን ነው። የቀኟ ኪሴ ውስጥ ናት፤ በደህና መጥተሽ ውሰጃት።