ሦስት ሰው ካልሞላ

ለእናቴ ልጅ፣ ለምወድሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? የስኮትላንድ ብርድ እንዳይጫወትብሽ እያልኩ እሰጋለሁ። ልጅሽና የልጅ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ትንሽ ያስለኛል፤ ኖርዊች ሄጄ ሐኪም አይቶኛል፤ እሱን ተይው። ለገና የላክሽው ካርድ ደርሶኛል። ሁለት መስመር! ለባለሱቅ እንኳ ከዚህ ይበልጥ ይጻፋል። ተቀይሜሻለሁ፤ ግን ከማን ጋር ልኳረፍ? ያለሽኝ አንቺው ነሽ።

ይኸውልሽ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ነው። ሽማግሌው ላርዉድ በመስከረም አረፈ። ሚስቱን ደግሞ ልጇ መጥታ ወሰደቻት። እሑድ እሑድ የምንቆርበው እኛው ሦስታችን ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። አዲሱ ቄሳችን ከመጽሐፍ ንቅንቅ የማይሉ ሰው ናቸው። የጸሎት መጽሐፋችን ከቄሱ ሌላ ቢያንስ ሦስት ቆራቢ ከሌለ ቁርባን አይኖርም ይላል አሉኝ። ታዲያ እኔ ሰው አይደለሁም ወይ ብላቸው፣ «ሰውማ ነዎት፤ ግን አንድ ነዎት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይመጣሉ፣ ጸሎቱን ያነባሉ፣ እኔ «አሜን» እላለሁ፣ ከዚያ በመኪናቸው ወደሚቀጥለው መንደር ይበራሉ። ያ ሁሉ ሕዝብ አሜን ይልበት በነበረ ቤት የራሴ ድምፅ ብቻ ግድግዳውን መትቶ ይመለስልኛል። እህቴ፣ እንዲህ ብቸኛ ሆኜ አላውቅም።

እሳቸው ከሄዱም በኋላ ቶሎ አልወጣም። ቤት ማን ይጠብቀኛል? ቁጭ ብዬ ጣሪያው ላይ ያሉትን የእንጨት መላእክት አያለሁ። ትዝ ይሉሻል፣ በድሮው የሃይማኖት ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ፊታቸውን በመጥረቢያ የገመሷቸው? አንዱን ቁርጥ አክስታችንን ነው ብለሽ በጸሎት መሃል አሳቅሽኝ፤ የተቆነጠጥኩት ግን እኔ ነኝ! የደወሉ ማማም ያው ክብ እንደሆነ አለ። አያታችን ሰይጣን የሚደበቅበት ጥግ እንዳያገኝ ነው ትለን አልነበር? ጣሪያ ከዳኙ ኩቢት በዚህ ይስቃል። አገራችን ከባልጩት በቀር ድንጋይ የላት፣ ከባልጩት ደግሞ ማዕዘን አይወጣም፤ ሰዎቹ ድሆች ስለነበሩ ክብ አድርገው ሠሩት ይላል። እኔ እንጃ፣ የአያታችን ይሻለኛል። በደቡቡ በር ቅስት ላይ በጥንት ዘመን አገሩን የያዙት ኖርማኖች የጠረቡት ያ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ጌጥ ደግሞ፣ ስንት ዘመን ዝናብ ወርዶበት አሁንም ጣት ሲያሳርፉበት ይቆረቁራል።

ከገና በኋላ ከጳጳሱ ቢሮ አንድ ሰው መጣ። ደህና ካፖርት የለበሰ፣ ትሑት። ለፋሲካ ቁርባን ካልተደረገ ቤቱ ይዘጋል አለኝ። መላእክቱ ወደ ሙዚየም፣ ደወሉ ወደ ሌላ ደብር፣ ሕንፃው ደግሞ ለሚገዛው። ለእህል ጎተራ ጥሩ ነው ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ወይ ጉድ! እናትና አባታችን የተጋቡበት፣ እኔና አንቺ የተጠመቅንበት ቤት ገብስ ሊከመርበት! ሻይ አፍልቼለት ነበር፤ አልቀዳሁለትም።

መንደሩን በር በር እያንኳኳሁ ዞርኩት። ባለመጠጥ ቤቱ «እትዬ፣ ቢራ ካለ እመጣለሁ» ብሎ ደንበኞቹን አሳቀብኝ። ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። አሮጌውን ትምህርት ቤት የገዛችው የለንደን ሠዓሊ፣ ፌንዊክ፣ «እኔ እኮ እርግጠኛ የሆንኩት ስለ ጣሪያው እንጂ ስለ እግዚአብሔር አይደለም» አለችኝ። አይዞሽ፣ ከጣሪያው ጀምሪ፣ እሱ ከዚያ በታች ነው ያለው አልኳት። ሳቀች። ለካ በልጅነቷ ጳጳስ እጅ ጭኖባታል፤ መቁረብ ትችላለች። ውሻዬን ይዤ ከሆነ እመጣለሁ ብላለች። ከነውሻዋ ትምጣ።

ኩቢት ግን የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ሜቶዲስት ነው፤ ታውቂው የለ፣ ግትርነቱን። «አርባ ዓመት ጣሪያችሁን በሸምበቆ ከደንኩላችሁ፤ አሁን ደግሞ ልቁረብላችሁ? አባቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይገርፈኛል!» ብሎ ጮኸብኝ። የሸምበቆው እስር ላይ ተቀምጬ አንድ ነገር ነገርኩት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ቆቡን አወለቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቀድመሽ አትናገሪም?» አለኝና ፊቱን አዞረ። በማግስቱ በብስክሌቱ ቄሱ ዘንድ ሄደ። አሁን ሽበቱን ይዞ ከሕፃናት መሃል ትምህርተ ሃይማኖት ይማራል፤ ሲሳሳት እነሱ ያርሙታል። ከፋሲካ በፊት ጳጳሱ እጅ ይጭኑበታል። ብታይው በሳቅ ትሞቻለሽ።

እንግዲህ አፈር ስሆን ልለምንሽ። ለፋሲካ ነይ። እናታችንን ከቀበርን ወዲህ ዓይንሽን አላየሁም። እስከ ኖርዊች በባቡር ነው፤ ከዚያ ኩቢት ይቀበልሻል። አልጋሽን በመስኮቱ በኩል አንጥፌዋለሁ። ወፍራም ካፖርት ያዢ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ማሞቂያ ከሞተ ቆይቷል።

አውቅሻለሁ፤ ጣትሽን እያጠፍሽ ትቆጥሪያለሽ። «ሠዓሊዋ፣ ኩቢት፣ አንቺ ራስሽ፤ ይኸው ሦስት ሞላ፣ ታዲያ እኔን በዚህ ጉልበቴ በባቡር ምን ያንከራትተኛል?» ትይኛለሽ። እህቴ፣ የኖርዊቹ ሐኪም እንዳለኝ ከሆነ እኔን አትቁጠሪኝ። ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍም ለኩቢት ሰጥቼዋለሁ።

እንዳትደነግጪ። ለልጅሽም አሁን አትንገሪው። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጅ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከቻልሽ ግን፣ ፋሲካን አትጠብቂ።

የምትናፍቅሽ
ታላቅ እህትሽ