ወሬ የሚጽፈው መነጽር

መዶሻው ወንድሜ፣ ጤናህስ እንዴት ነው?

ዛሬ አንድ ሱቅ ገብቼ ጉድ አየሁ! ሻጯ ዓይኔ ላይ ያደረገችልኝ መነጽር ሰው የሚናገረውን እየተከተለ መስታወቱ ላይ ይጽፍልሃል። የመጋዝ ማሽኑ ጩኸት ጆሮህን ከነሳህ ወዲህ ስመኝልህ የኖርኩት ይኸው ነው። ብቻ ሻጯ ያለችውን ሁሉ አንብቤ ስወጣ፣ መልኳ ጭራሽ ጠፋኝ። ትዝ ይልሃል፣ አናጢ ቤት ሳለን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል አፍ አፌን እያየህ፣ ቀልዴን ሳልጨርስ በሳቅ ስትፈርስ? እስከ ዛሬ እንዳንተ ትክ ብሎ የሚያዳምጠኝ ሰው አላገኘሁም።

ለማንኛውም ገዝቼልሃለሁ። የልጅ ልጆችህ ባንዴ ሲንጫጩ የማንን አፍ ልይ ብለህ አትጨነቅም። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ ባለቤትህንና ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። እኔ ስመጣ ግን አውልቀው።