የእማማ ወለተማርያም ባትሪ ድንጋይ

ኅዳር 10፣ 1978

ከትምህርት ቤት መልስ ሾላ፣ አባባ ሱቅ። በርበሬ እየመዘንኩ ድፍረት መጣልኝና ነገርኩት። "እሑድ የቴሌቪዥን ሰዎች የሙዚቃ ክበባችንን ሊቀርጹ ነው... የምዘፍነው እኔ ነኝ።" ሚዛኑን አስቀመጠ።

"ስለ ምን?"

"ስለ ችግኝ ተከላ።"

"ችግኝም ቢሆን ዘፈን ዘፈን ነው። ይማም ሴት ልጁን አዝማሪ አደረጋት ሊሉኝ ነው? እሺ፣ አንድ ቀን። ከእሑድ በኋላ ግን ዘፈን የሚባል አልሰማም!"

እሺ አልኩ።

ኅዳር 14

እንቅልፍ እምቢ አለ። ቢዘንብስ? ኧረ በኅዳር!

ኅዳር 15፣ እሑድ

በጭነት መኪና፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ። የክበባችን ልጅ ከማለዲን ቴፑን ታቅፎ ዘፈኔን እየደጋገመ ያጫውታል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ እናስነካዋለን። ጅሎች!

ድምፄ ቀድሞ በካሴት ተቀድቷል። ሥራዬ ከካሴቱ እኩል አፌን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። እንጦጦ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆምኩ። "ጀምሪ!" አለ ካሜራማኑ ጋሽ ኢዶሳ... ድምፄ ጎረነነ፣ ተጎተተ፣ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ቀጥ አለ። ባትሪ ድንጋዩ አልቋል! መንገድ ላይ ጨርሰነዋል። ፀሐይ ላይ አሰጣነው። አንድ ስንኝ ብሎ ደግሞ ሞተ።

ጋሽ ኢዶሳ ሰዓቱን አየ። "ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልሆነ ቀረ። ነገ የሌላ ትምህርት ቤት ነው ተራው።" አባባ ያለኝ ደግሞ አንድ ቀን... ባትሪ ፍለጋ እግሬ አውጪኝ አልኩ!

ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ካለ ቤት ሬዲዮ ይሰማል። የቤቱን ባለቤት እማማ ወለተማርያምን ባትሪውን እንዲያውሱኝ ስለምናቸው ሬዲዮውን ደረታቸው ላይ ለጠፉት።

"ልጄ ሰሜን ዘምቷል። የማታውን ዜና ሳልሰማ አላድርም።"

"ከዜናው በፊት እመልሳለሁ፣ በኪዳነ ምሕረት!"

"ስምሽ ማነው?"

"ሱልጣና።"

ሳቁ። "አንቺ ደግሞ በኪዳነ ምሕረት ትምያለሽ?"

"እርስዎ ይመኑኝ እንጂ በፈለጉት እምላለሁ!"

"በይ ተነሺ። ግን አብሬሽ እመጣለሁ። የከተማ ልጅ ባትሪዬን ይዛ ብትጠፋስ?"

መጡ። ቴፑ አጠገብ ቁጭ ብለው ጠበቁት። "ጀምሪ!" ሲለኝ አፍ ማንቀሳቀስ ብቻ ማን አለ? ለቀቅኩት! ጫካው አስተጋባ። "በቃ፣ ይሄ ነው!" አለ ጋሽ ኢዶሳ። ወይ ደስታ!

ባትሪውን ዜና ሳይጀምር መለስኩ። እማማ በራቸው ላይ ቆመው "ሰሜንስ ቴሌቪዥን ያያሉ?" አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ... ያያሉ አልኩ።

ኅዳር 29

ዛሬ ተላለፈ! የቀበሌው አዳራሽ ሰው በሰው። እማማ ወለተማርያምን ከማለዲን ሄዶ አምጥቷቸዋል፣ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። አባባም መጣ፤ ግን አልቀመጥም ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ለመውጣት እንዲመቸው መሆኑ ነው።

ብቅ አልኩ። እኔ! ከነአፍንጫዬ! ጭብጨባው ቀለጠ። እማማ ብድግ ብለው "ባትሪው የኔ ነው!" አሉ። ሳቅ በሳቅ።

ያኔ ከበሩ በኩል የአባባ ድምፅ... ሾላ ገበያ መሐል እንኳ እንዲህ ጮኾ አያውቅም።

"ድምፁ ደግሞ የኔ ልጅ ነው!"