ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ሳላይ

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ከራስ ፀጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንዴት ነህ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከወፍጮው ሞተር ሥር ተንበርክከህ ነው የምትውለው? የዱቄቱ ብናኝ ያመጣብህ ሳልስ? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ታናሻችን ፈተናዋን ጨረሰች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከጤናዬ በቀር ግን ደህና የሆነ ነገር የለኝም፤ ከሰኞ ጀምሮ ደሜ እንደፈላ ነው። እዚህ ለሰው ብናገር ወሬ ይሆናል፣ ለእማዬ ብጽፍ እንቅልፍ ታጣለች። ስለዚህ አንተ ቻለኝ።

የመሥሪያ ቤታችንን ግቢ ሣር የሚያጭድ፣ ሰው ተቀምጦበት እንደ ትንሽ ትራክተር የሚነዳ ማሽን እንዳለን ባለፈው ጽፌልህ ነበር። ነጂው ጋሽ ክምር ይባላሉ። እውነተኛ ስማቸው እንዳይመስልህ፤ ከሚያጭዱት ሣር ክምር የሚበልጥ ሰውነት ስለነበራቸው የወጣላቸው ነው። ራሳቸውም "ክምር መጣ፣ መንገድ ልቀቁ!" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ታዲያ በጨጓራ ሕመም ሁለት ወር ተኝተው ሲመለሱ፣ ቱታቸው የሌላ ሰው ይመስል ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ መጡ። በሁለቱ ወር ሣሩ ጉልበት ደርሶ አለቃችን ከበላዮቹ ተወቅሶበታል። ጥርሱን ነክሶ ነው የጠበቃቸው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ክምር ማሽኑ ላይ ወጥተው ቁልፉን ቢያዞሩት ጭጭ። አለቃችን በሁላችን ፊት "ሲታመሙ ሥራ አስፈቱን፣ ሲድኑ ደግሞ ማሽን ገደሉ!" ብሎ ጮኸባቸው። አንቱታው ከአፉ እንጂ ከልቡ አይደለም። ሰውዬው የአባታችን እኩያ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። አንገታቸውን ደፍተው "ምንም አልነካሁም ልጄ" አሉ። እሱ ወደ እኔ ዞረና "ኢንጂነር ተብለሽ የለ? በይ አሳዪና" አለኝ። የሙከራ ጊዜዬ የሚያልቀው ዓርብ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ብነግርህ ታፍርብኛለህ። እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ባትሪውን ለካሁ፣ ሙሉ ነው። ፊውዙን አየሁ፣ ደህና ነው። ካንዴላውን ፈትቼ ጠረግሁ። ሁለት ወር የቆመ ቤንዚን ይበላሻል ብዬ ደፋሁትና አዲስ ሞላሁ። ይባስ ብዬ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር በትኜ አጥቤ መልሼ ገጠምኩት። አንተ ብትኖር "ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ጨርሶ ካልዞረ ካርቡራተር ምን ይፈይድልሻል፣ አንቺ ደረቅ?" ትለኝ ነበር። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን ሰው ቆሞ እያየኝ እጄን አጣጥፌ ለማሰብ አፈርኩ። ማክሰኞ ከሰዓት አለቃችን መጣና "በቃ፣ በአያያዝ ጉድለት ነው የተበላሸው። ይሄንኑ ጻፊና ፈርሚ" አለኝ። "በአሽከርካሪው ግድየለሽነት" የሚለውን በገዛ እጄ ጻፍኩና ፈረምኩ። ማንም ክንዴን አልጠመዘዘም ወንድም ጋሼ። ዓርብን እያሰብኩ ነው የፈረምኩት።

ረቡዕ ጠዋት ነገሩ ከንክኖኝ እንደገና ወጥቼበት ቁልፉን ሳዞር አለቃችን ደረሰ። "ውረጂ ወዲያ!" ብሎ ያንን ቦርጩን ተሸክሞ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ፍሬኑን ረግጦ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ዱርርር ብሎ ተነሣ። አትክልተኛዋ "እሰይ! ማሽኑም አለቃ ያውቃል!" ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችው። እሱ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ጋሽ ክምርን "ለካ ደህና ነው! ሥራ ጠልተው ነው የማይነሣ ያስመሰሉት!" አላቸው። ይታይህ፤ ሰኞ ማሽኑን ገደሉ ተባሉ፣ ረቡዕ ማሽኑ ሲድን ደግሞ አታለሉ ተባሉ! ሰውዬው ወጥተው አዞሩት። ጭጭ። እኔ ወጣሁ። ጭጭ። ለእሱ ብቻ የሚነሣ ሞተር!

ያኔ ነው የበራልኝ። እንዲህ ያለ ማሽን ወንበሩ ሥር ማብሪያ አለው፤ ሰው ሲቀመጥበት በክብደቱ ይጫነዋል። ካልተጫነ ማሽኑ ሰው የለብኝም ብሎ አይነሣም፣ ስለቱ ሰው እንዳይቆርጥ የተበጀ ዘዴ ነው። ወንበሩን ገልብጬ ሳይ ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጡ ሁለት ወፋፍራም ቁራጮች በሽቦ ታስረዋል። ጋሽ ክምር "እኔ ነኝ ያሰርኳቸው። ያኔ ስቀመጥ ወንበሩ እስከ ብረቱ ይወርድብኝ ነበር" አሉ። ጎማው የተለካው ለድሮው ክምር ነው። ሕመሙ ያስቀረው ሰውዬ ጎማውን ጨፍልቆ ማብሪያው ላይ ሊደርስ አልቻለም፤ እኔ ቀጫጫዋማ ጭራሽ።

ወንበሩን መልሼ፣ ምን ይታየኝ እንደነበር እንጃ፣ "ይቀመጡ" አልኳቸውና ግማሽ ከረጢት አሸዋ ጭናቸው ላይ አስታቀፍኳቸው። ሞተሩ ተነሣ! እኔ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። የመጋዘኑ ሠራተኛ "ጋሽ ክምር፣ ልጅ ታቀፉ እኮ!" ሲል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ሞተሩን አጠፉ፣ ከረጢቱን መለሱልኝና ቀስ ብለው "ማሽኑን እዪ ነው የተባልሽው። እኔን መዝኚ ያለሽ ማን ነው?" አሉኝ።

ጎማዎቹን ፈትቼ አወጣሁ፤ አሁን ለሁሉም ይነሣል። ወረቀቴን ልመልስ ብዬ አለቃችን ጋ ብሄድ "ማህተም አርፎበት ወደ ላይ ሄዷል። ከነገ ወዲያ ዓርብ መሆኑን አትርሺ" አለኝ። ጠረጴዛውን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም። በማግስቱ ጋሽ ክምር ሊሰናበቱ ሠራተኛ አስተዳደር ሲጠሩ፣ ማንም ሳይጠራኝ የጎማ ቁራጮቹን ይዤ ገባሁ። ኃላፊዋ መጀመሪያ የእኔን ወረቀት ጮክ ብለው አነበቡ። "በአሽከርካሪው ግድየለሽነት" ላይ ሲደርሱ ጋሽ ክምር ዞር ብለው አዩኝ። እንደዚያ ከሚያዩኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ "ስህተቱ የእኔ ነው፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ ሳላይ ሞተር ፈታሁ፣ ሳላውቅም ፈረምኩ" አልኩ። ክሱ ተሰረዘ። እሳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እኔን ደግሞ አለቃችን ዛሬ የሥራ ግምገማ ቅጼ ላይ "ትቸኩላለች፣ ትእዛዝ አታከብርም" ብሎ የሙከራ ጊዜዬን በሦስት ወር አራዘመው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን እንደ ሙገሳ ቆጥሬዋለሁ። ሦስት ወር ይጨምር ሦስት ዓመት፣ አልለቅም! ይህን ሥራ ገና አውቀዋለሁ፤ ይብላኝ ለእሱ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ሥራ ደህና ነው ብቻ በላት። ታናሻችንን፣ ቅጽ ስትሞላ ቸኩላ እንዳትፈርም ንገራት። ለአክስቴ፣ ለባለቤትህና ለትንሿ ልጅህ፣ ለወፍጮ ቤቱ ባልደረቦችህም ሰላምታዬ ይድረስ። አንተም ወገብህን አደራ።

ይህን ስጽፍልህ ጋሽ ክምር በመስኮቴ ፊት እያጨዱ ነው። ዛሬ ሁለት ጊዜ እጄን አንሥቼ ሰላም ብላቸው የሚያዩት ሣሩን ነው። ቅድም ይቅርታ ልጠይቃቸው አጠገባቸው ድረስ ሄጄ ነበር። "ማሽኑ ይጮኻል ልጄ፣ አይሰማኝም" አሉኝ። ሞተሩ ግን ጠፍቶ ነበር።

እህትህ

ከጥገና ክፍሉ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ዓርብ፣ ሰኔ 14 ቀን